ብርቱካን፣ ሰንጢና የወረታ መገንጠያ

ከባሕር ዳር ተነስቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ከተጓዙ ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ የፎገራን ሜዳ ይዞ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ይወጣል። እዚህ መኪና ሲቆም ብርቱካን የገዛ መንገደኛ ቸግሮት ይቀመጣል። እጅ መታጠቢያ ውሃ የለም፣ ሳህን የለም፣ ጣቱም ጠዋት ከበላው ፍርፍር ገና በርበሬ በርበሬ ይላል።

እኔም ነጭ ጋቢ ለብሼ ጥፍሬን ብርቱካኑ መሃል ላይ ስሰካ ጭማቂው ፈሰሰብኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት “አምጣው ልጄ፣ እንደሱ አይደለም” ብለው ሰንጢ አወጡ። በጥንቃቄ አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ብርቱካን ስልጥ አንዲት ጠብታ ፈስሳብኝ አታውቅም፤ ምስጢሩም ከእጅ ቅልጥፍና ይልቅ ፍሬው እንዴት እንደተሠራ ማወቁ ላይ ነው።

የብርቱካን ልብስ ድርብ ነው። ላይኛው ስስና ባለ ቀለም ሲሆን በጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች የተሞላ ነው። ልጣጩ ሲታጠፍ ብን ብሎ ዓይን የሚያቃጥለው ይኸው ዘይት ነው፤ ከ90 በመቶ በላዩ ሊሞኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስለሆነ ሻማ ላይ ቢጨመቅ ብልጭ ይላል። ከሥሩ ነጩና ለስላሳው ሽፋን አለ። ከዚያ በኋላ ስስ ቆዳ የለበሱ 10 ያህል ክፋዮች ይመጣሉ። ጭማቂ ያለው እነዚህ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጩ ላይ የቆመ ስለት ምንም አያፈስም።

ፍሬውን ሳይነኩ ልብሱን ብቻ ማውለቅን የፎገራ ሰው ከሩዙ ያውቀዋል። መፈልፈያው ገለባውን ብቻ እንዲያወልቅ ይፈለጋል፤ አጥብቆ ከፈተገው ፍሬው ይሰበራል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

እናቲቱ የጀመሩት ከግንጣዩ በኩል፣ ፍሬው ከዛፉ ተንጠልጥሎበት ከነበረው ጫፍ ነው። ሰንጢውን አንድ ቦታ አጽንተው ይዘው የሚያዞሩት ብርቱካኑን ነበር። ልጣጩ ሳይበጠስ እየተጠማዘዘ ወረደ። ነጩን ለፍሬው ተዉለት። ከዚያ አናቱን ቆረጥ አድርገው ሰጡኝ፤ ጨመቅ እያደረጉ መምጠጥ ነው። ዘይቱ ከልጣጩ ጋር ስለሄደ ከንፈር አይለበልብም። ልጣጩ ቀጭንና ከፍሬው ጋር የተጣበቀ ለሆነው፣ ቫሌንሲያ ለሚባለው የብርቱካን ዓይነት ከዚህ የተሻለ መላ አላየሁም።

ባለ እንብርቱ ብርቱካን፣ ከታች ትንሽ መንታ ፍሬ ያዘለው፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ በሌላ መንገድ ይላጣል። ላይና ታቹን እንደ ሳንቲም ክብ አድርጎ መቁረጥ፣ ጎኑን ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር መሰንጠቅ፣ ከዚያ በሁለት አውራ ጣት ቀስ ብሎ መዘርጋት። ክፋዮቹ ልጣጩ ላይ እንደ ተሰለፉ ይከፈታሉ፣ ልጣጩም ሳህን ይሆናል። ስለት ከሌለ ፍሬውን ጉልበት ላይ በመዳፍ ማንከባለል ልጣጩን ያላላዋል፤ የቀዘቀዘ ብርቱካን ደግሞ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ቢቆይ ይታዘዛል። የማንኪያ እጀታም በጥፍር ፈንታ ነጩ ውስጥ ይገባል።

መንደሪን በጣት ብቻ የሚላጠው ለምንድን ነው ለሚል፣ ብርቱካን ራሱ የመንደሪንና የፖሜሎ ዲቃላ ነው። ፖሜሎ ልጣጩ ወፍራምና ጥብቅ፣ መንደሪን ደግሞ ልል ነው፤ ብርቱካን ሁለቱንም ወርሷል። የእኛው ትርንጎማ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ከእሱ የሚበላው በዋናነት ነጩ ነው።

የብርቱካን ስምም መንገደኛ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የፖርቱጋል መርከበኞች ጣፋጩን ብርቱካን በየወደቡ ስላስፋፉ ዓረቦች ፍሬውን በአገሪቱ ስም “ቡርቱቃል” አሉት፣ ከእነሱም ወደ እኛ ደረሰ። በዚያው ዘመን የፖርቱጋላዊው የጦር አዛዥ የክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጓዶች የተዋጉበት፣ ግራኝ አሕመድም በ1535 ዓ.ም. የወደቀበት ወይና ደጋ ከጣና ምሥራቅ ነው። ብርቱካን የሚለውን ስም ስጠራ ያ ዘመን ትዝ ይለኛል።

ገዢ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ አረንጓዴ ብርቱካን ሁሉ ጥሬ አይደለም። ቢጫነቱ የሚመጣው በሌሊት ቅዝቃዜ ነው፤ ሞቃት ቆላ ላይ በስሎም አረንጓዴ ሊቀር ይችላል። በእጅ መዝኖ ከበድ ያለውን መምረጥ ይሻላል፣ ጭማቂ የያዘው እሱ ነው።

መኪናው ሊነሳ ሲል ረዳቱ ልጣጩን በመስኮት ጣሉት አለ። እናቲቱ እምቢ አሉ። ጥምዝምዙን ልጣጭ አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ቤት ሲደርሱ አጥበው፣ አድርቀው፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ሻይ ሊያፈሉበት።