አያቴ ስለ ኮሪያ ለምን ዝም አሉ? የአንድን ዘማች ሕይወት ከቤተሰብ ታሪክ ማውጣት

ደብረ ሲና ከተማ ውስጥ አያቴን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው እምብዛም አልነበረም። ለሁሉም «ሃምሳ አለቃ» ነበሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ከክቡር ዘበኛ ጋር ኮሪያ መዝመታቸውን ከተማው ያውቃል፤ ስለ ኮሪያ ሲያወሩ ሰማሁ የሚል ግን በእኔ ዕድሜ አላጋጠመኝም። ቤተሰባችንም ነገሩን «ጦርነት ያየ ሰው እንዲህ ነው» ብሎ ዘግቶት ኖሯል። የሕይወት ታሪካቸውን ሳሰባስብ ያገኘሁት መልስ ከዚህ የተለየ ነው። ዘማች አባት ወይም አያት ላላችሁ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን አካሄዱን ላካፍላችሁ።

መነሻዬ ከሳጥናቸው የተገኙ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሰማያዊና ነጭ መስመር ባለው ጥብጣብ የተንጠለጠለ ሜዳሊያ ነው። ይህ የተባበሩት መንግሥታት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠው ሲሆን፣ ለኢትዮጵያውያን የተዘጋጀው በአማርኛ የተጻፈበት ነው። መዝመታቸውን ይመሰክራል፤ መቼና ከማን ጋር እንደዘመቱ ግን አይነግረንም።

ይህ ደግሞ ትልቅ ጥያቄ ነው። ወደ ኮሪያ የተላከው የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ በዓመት ገደማ ይቀያየር ነበር። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የተመራው አንደኛው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ቡሳን ገባ፤ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋርም ተሰለፈ። ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። የተኩስ አቁሙ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ሲፈረም ግንባር ላይ የነበረው ሦስተኛው ነው። «ኮሪያ ዘምቷል» ማለት ብቻውን በቂ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ዓመቱ ሲለይ ኮረብታውም፣ አዛዡም፣ ጓዱም ይለያያል።

መልሱን የሰጠኝ ሁለተኛው ዕቃ፣ ፎቶግራፉ ነው። ወታደሮች ለዕረፍት ጃፓን ይሄዱ ስለነበር አያቴም እዚያ ተነሥተዋል። ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ኖቬምበር 1952 ይላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፈረንጆቹ 1952 እስከ ጳጉሜን ድረስ የእኛ 1944 ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ግን 1945 ይሆናል። ስለዚህ ፎቶው የተነሣው በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር 1945 ነው። ያኔ አንደኛው ቃኘው አገሩ ገብቷል፣ ሦስተኛው ገና አልተነሣም። አያቴ የሁለተኛው ቃኘው ሰው ናቸው ማለት ነው። በዚያው ጥቅምት 7ኛው ክፍለ ጦር ትሪያንግል በተባለው ኮረብታ ላይ ከባድ ውጊያ አድርጓል። ፎቶው ላይ የከሳ ፊታቸውን አሁን ሳየው ከየት እንደመጡ አውቃለሁ።

ዝምታቸውንስ? ለዚህ ወረቀት አልረዳኝም፤ የረዱኝ ሰዎች ናቸው። አንድ ደብተር ላይ በግራ የቤተሰቡን፣ በቀኝ የአገሩን ዓመታት ጻፍኩ። ሰው ዓመተ ምሕረት ባያስታውስም «የመጀመሪያዋ ልጅ ክርስትና ስትነሣ»፣ «ቤቱ ቆርቆሮ ሲለብስ» ብሎ ያስታውሳል። በዕድሜ የገፉ አንዲት ዘመዳችን የነገሩኝ ነገር ሁሉንም ቀየረው፦ አያቴ ከኮሪያ በተመለሱባቸው ዓመታት ለፈቃድ ሲመጡ እያመሹ ስለ በረዶው፣ ስለ ምሽጉ፣ ስለ ኮሪያ ሕፃናት ያጫውቱ ነበር። ያቆሙት «ከክቡር ዘበኛ ወጥተው የመጡ ጊዜ» ነው።

ዓመቱን ከደብተሩ ጋር ሳስተያየው 1953 ሆነ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ክቡር ዘበኛ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከሽፏል። የቃኘውን ዘመቻ ካደራጁት ቀዳሚ የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም ከተገደሉት አንዱ ናቸው። ትእዛዝ ተቀብሎ ከመሰለፍ በቀር የማያውቀው ተራ ወታደር ሳይቀር ተያዘ፣ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ «የክቡር ዘበኛ ነበርኩ» ማለት ጥያቄ የሚያመጣ ነገር ሆነ። በደርግ ዘመን ደግሞ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ለደቡቡ መዋጋት ራሱ የሚደበቅ ታሪክ ሆነ። ፎቶው ከግድግዳ ወርዶ ሳጥን የገባው ያኔ ነው።

እናም አያቴን ዝም ያሰኛቸው የኮሪያ ኮረብታ አይደለም፤ አገራቸው ሁለት ጊዜ ፊቷን ማዞሯ ነው። ከጦር ሜዳ ወሬያቸውን ይዘው ተመልሰው ነበር፤ ከ1953 ወዲህ ግን የሚሰማ አላገኙም። የዘማችን ሕይወት ስንመረምር የዘመቻውን ዓመት ብቻ ይዘን የምናቆም ከሆነ ዋናው ነገር ያመልጠናል።

እናንተም ለመጀመር ብታስቡ፦

1. ከመሣሪያና ከውጊያ በፊት ስለ ጉዞው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጓደኞቹ ጠይቁ፤ ወሬው በዚያ በኩል ይከፈታል።
2. የመጠሪያ ስሙን፣ የክርስትና ስሙንና የወታደር ቤት ማዕረጉን ለየብቻ መዝግቡ።
3. የፎቶግራፍና የደብዳቤ ጀርባ ሳታዩ አትለፉ። ቀኑ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ።
4. ከተመለሰ በኋላ ያለውን ሃያ ዓመት እንደ ጦርነቱ ሁሉ በጥንቃቄ ጠይቁ።
5. ሚስትን፣ ጎረቤትን፣ የዕድርና የማኅበር ጓደኛን አትርሱ።

ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ዘምተዋል። በ1943 ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ በሕይወት ካለ ዘጠናን አልፏል። ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ አባት ካሉ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ አትቅጠሩ። በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ድምፃቸውን ቅዱ፣ ጻፉት።