ስለ አውሮፕላን በረራና ጥገና ስያሜዎች

አውሮፕላን የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ነው። በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ካረፈ ወዲህ ለአካላቱና ለእንቅስቃሴው የተሰጡት ስሞች ግን በአብዛኛው ከሕያዋን ፍጥረታት የተገኙ ናቸው። ክንፍ፣ አፍንጫና ጅራት የእንስሳት አካል ናቸው፤ ማኮብኮብም ለመብረር የሚዳዳት ወፍ ክንፏን ስታራግብ የሚነገርላት ቃል ነው። እነዚህን የሚነቅፍ ያለ አይመስለንም። ችግሩ የሚነሣው ቃላቱ ከዕለት ንግግርና ከጋዜጣ አልፈው ወደ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ሲገቡ ነው፤ በዚያ ስፍራ አንድ ቃል ሁለት ነገር እንዲሸከም አይፈቀድለትምና።

ለምሳሌ መነሣትን እንመልከት። «አውሮፕላኑ ከአስመራ ተነሣ» ስንል የጉዞውን መጀመር ወይም ጎማዎቹ መሬት የለቀቁበትን ቅጽበት ልንል እንችላለን። ይህ የቃላት ልዩነት ብቻ የሚመስለው ቢኖር መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴነሪፍ ደሴት የደረሰውን ያስታውስ። በጭጋግ በተሸፈነ ማረፊያ ላይ አንዱ አብራሪ ለመነሣት መንደርደር መጀመሩን በሬድዮ ሲናገር፣ ተቆጣጣሪው ገና ፈቃድ የሚጠብቅ መሰለው። ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ የቃሉ አሻሚነት ግን አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ መነሣትን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላው ጊዜ ሁሉ ጉዞ መጀመርን የሚገልጽ ሌላ ቃል እንዲተካው ተደነገገ። በዓለም አቀፍ በረራ የሬድዮው ንግግር በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መሆኑ አይካድም። በአማርኛ የሚማር ሠልጣኝም ሆነ የአደጋ ዜና የሚጽፍ ሰው ግን ልዩነቱን ማግኘት ይገባዋል። ስለዚህ መነሣት መሬት ለመልቀቅ ብቻ ተወስኖ፣ ለሌላው ጉዞ መጀመር ቢባል እንመርጣለን፤ ሁለት ቃል መሆኑ ጉዳት የለውም።

የጥገና ነገር ከዚህ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ጠገነ የሚለው ግስ ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲያቃና የሚነገር ነው፤ ስለዚህ ጥገና ሲባል አስቀድሞ ስብራት ያለ ይመስላል። የአውሮፕላን ሠራተኛ ዋና ተግባር ግን ስብራቱ ሳይደርስ በተወሰነ የበረራ ሰዓት ወይም በተወሰነ የበረራ ቁጥር ክፍሎችን ማየት፣ ዘይት መለወጥና ዕድሜያቸው ያለቀውን መተካት ነው። ይህ ሁሉ ጥገና መባሉ በሕዝብ ዘንድ ስለጸና መልሰን ልንነቅለው አንሞክርም። ከሥሩ ላሉት ሥራዎች ግን ወሰን እናብጅላቸው፦ የተበላሸውን ማስተካከል መጠገን፣ ሞተሩን ፈታቶ፣ አጥቦና ለክቶ እንደገና መገጣጠም እድሳት ይባል። ፍተሻና ምርመራ አስቸግረውናል። በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ሲባል ተሳፋሪው ቀበቶውን መፍታት ይጀምራል፤ ምርመራ ደግሞ የአደጋ መንስኤ ለሚያጣሩት ተይዟል። ተመካክረን ክፍልን ለማየት «የክፍል ፍተሻ» እንዲባል ተስማምተናል። የተሻለ ያገኘ ቢኖር እንቀበላለን።

ሞተር፣ ራዳርና ሃንጋር እንዳሉ ይቆዩ፤ ማንንም አላሳሳቱም።

ስቶልን ግን እንዲሁ ልናልፈው አንችልም። አንዳንዶች መቆም ብለው ተርጕመውታል፤ በመኪና ልማድ ሞተር ጠፍቶ መቆምን ስለሚገልጽ ነው። በበረራ ግን ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየሠራም ሊደርስ ይችላል። ክንፉ ከፊቱ ለሚመጣው አየር ከልክ በላይ ሽቅብ ሲጋደል፣ በላዩ ይፈስ የነበረው አየር ይላቀቅና አውሮፕላኑን ያነሣ የነበረው ኃይል በድንገት ይቀንሳል። መፍትሔው አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ይህም መሬቱ ሲቀርብ ለሚያይ ሰው ከደመ ነፍሱ ጋር የሚጋጭ ነው። መቆም የሚለውን ቃል የተማረ ሠልጣኝ በዚያች ቅጽበት ስለ ሞተሩ ማሰቡ አይቀርም። የደከመ መንገደኛ «ጉልበቴ ከዳኝ» እንደሚለው፣ እኛም ክንፍ መክዳት እንዲባል እናቀርባለን፤ የከዳው ሞተሩ ሳይሆን ክንፉ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራልና።