ምጣዱ ላይ የተጻፈው ዋት

በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ የሚለጠፈው የዋት ቁጥር የምጣዱ ቋሚ ባሕርይ ሳይሆን፣ ምጣዱ በተወሰነ ቮልቴጅ፣ ለኢትዮጵያ የቤት መስመር በ220 ቮልት፣ ሲሠራ ብቻ የሚገኝ ውጤት ነው። ለቋሚነት የሚቀርበው ከሸክላው ሥር የተዘረጋው ሽቦ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበት መጠን፣ ማለትም ሬዚስታንሱ በመሆኑ፣ ስሌቱም ከእርሱ ቢጀምር ይመረጣል።

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራ የቀረበውና በስሙ የሚጠራው ሕግ እንደሚለው፣ የሽቦው ሙቀት እስካልተለወጠ ድረስ በውስጡ የሚያልፈው ከረንት ከቮልቴጁ ጋር በተመሳሳይ ምጥጥን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ቮልቴጅ ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ግፊት፣ ከረንት ደግሞ በየሰከንዱ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሙል መጠን ሲሆን፣ ቮልቴጁ ለከረንቱ ሲካፈል ሬዚስታንስ በኦም፣ ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ ኃይል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በየሰከንዱ ወደ ሙቀት የሚለወጥበት መጠን፣ በዋት ይገኛል። ስለዚህ በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም፣ ኃይሉም 3,520 ዋት ነው።

አመሻሽ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃውን ሲለኩስ፣ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ የቀነሰው 18 በመቶ ብቻ ስለሆነ የምጣዱም ኃይል በዚያው ልክ የሚቀንስ ይመስላል። ነገር ግን ሬዚስታንሱ ባለበት ስለሚቆይ ከረንቱም አብሮ ወደ 13.1 አምፔር ይወርዳል፣ ሁለት የቀነሱ ቁጥሮች ሲባዙም ኃይሉ 2,356 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ኃይል ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል የሚገኝ መሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዓይን አላወጣ ያለ እንጀራ በእርሾው ከመፈረዱ በፊት ሶኬቱ ቢለካ ፍትሐዊ ነበር። ዝቅተኛው ኃይል ቆጣሪውን ያሳርፋል የሚለው ተስፋም ብዙ አያስኬድም፤ ጋገራው በረዘመ ቁጥር ሸክላው ወደ አየር የሚለቀው ሙቀት ስለሚበዛ፣ ለአንድ ሊጥ የሚወጣው ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት ሊጨምር ይችላል።

ይኸው ሕግ ወደ ላይም ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣ፣ 120 ቮልትና 1,500 ዋት የተጻፈበት ማሞቂያ ሬዚስታንሱ 9.6 ኦም ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ቢሰካ 23 አምፔር ገደማ ስቦ ከ5,000 ዋት በላይ፣ ማለትም ከተሠራለት ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ለማውጣት ይሞክራል፣ ሽቦው ካልተቃጠለም ብሬከሩ ይወድቃል።

የኤክስቴንሽን ገመድም የራሱ ሬዚስታንስ አለው። ግማሽ ኦም ብቻ ቢኖረው፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 8 ቮልት በመንገድ ያስቀራል፣ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በግማሽ ኦም ሲባዛ የሚገኘው 128 ዋትም ገመዱን ያሞቀዋል፤ የላላ ሶኬት የሚቀልጠውም ይህን የመሰለ ሙቀት በአንዲት ነጥብ ላይ ስለሚከማች ነው።

ስሌቱ ግን ለሁሉም ዕቃ እኩል አይታመንም። ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል ሲበራ 484 ኦም ቢሆንም፣ ጠፍቶ በቴስተር ሲለካ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ ቁጥር ያሳያል፤ ጥፋቱ የቴስተሩ ሳይሆን የክሩ ሬዚስታንስ በሙቀት እጅግ የሚያድግ መሆኑ ነው። እንደ ፍሪጅ ያለ ሞተር ያለበት ዕቃ ደግሞ ቮልቴጁና ከረንቱ ስለሚቀዳደሙ የሁለቱ ብዜት ከእውነተኛው ዋት ይበልጣል፣ ስለዚህም ፓወር ፋክተር በሚባል ከአንድ ባነሰ ቁጥር መባዛት ይኖርበታል።