የንጉሥ ልሙኤል እናት ተግሣጽ

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 ንጉሥ ልሙኤል ከእናቱ በተማረው ቃል ይጀምራል። የልጁ ስም ተጽፏል፤ የእናቱ ግን አልተጻፈም፤ ትምህርቷ በስሟ ፈንታ ቆመ።

በስእለት ያገኘችው ልጇ ነውና፥ አስቀድማ ኃይሉን ለሴቶች እንዳይሰጥ፥ ቀጥላም ወይን እንዳይጠጣ ትመክረዋለች። ወይኑን ስለ ምን ከለከለችው ቢሉ፥ የሰከረ ንጉሥ ሕጉን ረስቶ የድኃውን ፍርድ ያጣምማልና። ስካሩ የዳኛው፥ ጉዳቱ የድኃው ነው። ወይን በራሱ ርኩስ ነው ማለቷ ግን አይደለም፤ ለተጨነቀና ላዘነ እንዲሰጥ ታዝዛለችና። እንግዲህ ምርጫ የሚመዘነው በነገሩ ብቻ አይደለም፥ በመራጩም ሹመት ነው እንጂ። ለሐዘንተኛ መጽናኛ የሆነው ጽዋ በፍርድ ወንበር ለተቀመጠ ወጥመድ ይሆናል።

ዳግመኛም አፉን ከጽዋ ከልክሎ ዝም እንዲል አልተወችውም፤ ስለ ራሱ መናገር ለማይችል እንዲከፍተው አዘዘችው። ከክፉ መራቅ የምርጫ እኩሌታ ነውና፤ ፍጻሜው ለተገፋው በቅን መፍረድ ነው።

ከዚህ ቃል በኋላ የልባም ሴት ምስጋና በ22 ቍጥር፥ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ተራ ይከተላል። በፊት የሚሸሸው ተነገረ፥ አሁን የሚመረጠው ተገለጠ፤ ይኸውም መልክ ሳይሆን የእጅ ትጋትና ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው።

ስለዚህ ባለ ሹመት ጽዋውን ሲያነሣ ደጅ የሚጠናውን ድኃ ያስብ።