ሽንኩርት የማይጫንበት ሳጥን

ብየዳ የተማርኩት ፒያሳ፣ ከአትክልት ተራ ጀርባ ነው። ወደ እኛ የሚዞሩት አይሱዙዎች አብዛኞቹ ክፍት ሳጥን ያላቸው፣ ሸራ የለበሱ ነበሩ። ከመቂና ከባቱ ቲማቲም በእንጨት ሳጥን፣ ሽንኩርት በጆንያ ጭነው ሌሊቱን ሲነዱ ያድራሉ። ጎህ ሳይቀድ ያራግፉና የጎን ብረቱ የተሰበረበት ወደ ብየዳ ቤት ይመጣል። ዝግ ሳጥን ለምን እንደማይገዙ አንዱን ሹፌር ብጠይቀው፣ «ሽንኩርቱ ታፍኖ እንዲሞት ነው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከማሳ የወጣ አትክልት ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ያልበዋል። ላሜራ ውስጥ ከዘጉበት መንገድ ላይ መበስበስ ይጀምራል።

ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። እኔም ዛሬ የምሠራው ሌላ ሰፈር ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ደንበኛ ብስኩት ሲያመላልስ የኖረ ዝግ አይሱዙ ገዝቶ መጣ። ለቤተሰቡ የመንገድ ቤት እንዳደርግለት ነው የፈለገው። ለእረፍት ላንጋኖ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ። አልጋውን፣ ማብሰያውን፣ ከጋቢናው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ቴሌቪዥን ሳይቀር በወረቀት ስሎ ይዞ ነበር። ሐሳቡን አልናቅኩትም። አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ ፈረንጆች ለዓመታት ለገሃር አካባቢ ዊምስ ሆላንድ ሃውስ ግቢ ያድሩ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ቤት አይቻለሁ። ውስጡ ስገባ ከአልጋውና ከመደርደሪያው ይልቅ ዓይኔን የያዘው ጣሪያው ላይ ያለው መስኮትና የበሩ የውስጥ እጀታ ነበር።

የጭነት ሳጥን የሚሠራው ዕቃው እንዳይወድቅ፣ ዝናብና ሌባ እንዳይገባ ነው። የኋላ በሩን ከላይ እስከ ታች የሚሄድ የብረት ዘንግ ከውጭ ይቆልፈዋል። በውስጥ በኩል እጀታ የለውም፤ ብስኩት በር አይከፍትም። ቤተሰብ ተኝቶበት አንድ ልጅ ለጨዋታ ዘንጉን ቢያዞረው፣ ውስጥ ያሉት ጮኸው ሰው ከመጥራት በቀር ምንም ማድረግ አይችሉም። ስለዚህ አልጋ ከመለካቴ በፊት ዘንጉን እቆርጣለሁ። ከዚያ በቀኝ ጎን፣ ከመኪና መንገዱ በተቃራኒ፣ ከሁለቱም ወገን የሚከፈት በር አወጣለሁ። ራስጌ ላይ ደግሞ ትልቅ ሰው የሚያሾልክ መስኮት። ደንበኛው «ጋሼ፣ ሁለት መውጫ ምን ያደርጋል?» አለ። በሩ ያለው ምድጃው አጠገብ መሆኑን በራሱ ሥዕል ላይ አሳየሁት።

ጎኑን መቅደድ ቀላል ይመስላል። ሳጥኑን ቀጥ አድርገው የያዙት ግን ቋሚዎቹ ናቸው። ቋሚ ቆርጦ መስኮት ያወጣ ሰው ዙሪያውን በቱቦላሬ ካልከፈፈው፣ ኮረኮንች ላይ ሳጥኑ ይጣመምና መስታወቱ ይሰነጠቃል። ላሜራው ዚንክ የለበሰ ከሆነም ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ በትኩሳት ያንቀጠቅጣል። ወተት ጠጡበት የሚለው የብየዳ ቤት ምክር አያድንም። ዚንኩን ፈግፍጎ አንስቶ ደጅ ላይ መበየድ ነው።

አምስት ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹ ብዙ ውኃ ያወጣል። ያ ሁሉ የሌሊት ብርድ በነካው ላሜራ ላይ ያርፋል። ጠዋት ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ፍራሹ ይሻግታል። ፎም አልብሶ በኮምፔንሳቶ መሸፈን ብርዱን ይቀንሳል፤ አየር ካልተንቀሳቀሰ ግን እርጥበቱ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ተደብቆ ብረቱን ይበላል። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ጣሪያው ላይ፣ ሁለቱም መዝጊያ የሌላቸው። ደንበኛው አቧራውን ፈራ። ወንፊትና ቆብ አደርግለታለሁ፤ መዝጊያ ግን አላደርግም።

ሥራውን ሊያዩ እናቱ መጥተው ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቡናው የት ይፈላል? ራሳቸው መርጠው አንዱን ጥግ አሳዩኝ፤ ከሰሉ ልጆቹንም ያሞቃል አሉ። የድሮውን አትክልት ተራ የሙዝ ማብሰያ ቤት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከአርባ ምንጭ የመጣው ጥሬ ሙዝ ግጥም ብሎ በተዘጋ ክፍል ይደረደር፣ ላምባ ይነድበት፣ ጭሱ ሙዙን ያበስለው ነበር። ሠራተኛው በሩን ከፍቶ አየሩ እስኪወጣ ሳይጠብቅ አይገባም ነበር።

«እማማ፣ እዚያ ውስጥ የሚተኛ ሰው አይተዋል?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«የላምባው ጭስ እንኳ ይሸታል። የከሰሉ መርዝ አይሸትም፣ አይታይም።»

ተስማማን። የጎኑ ላሜራ ወደ ላይ ተነስቶ ዳስ ይሆናል፤ ረከቦቱም ከሰሉም ከዚያ ሥር። ለማብሰያው ሲሊንደር ሳጥን ሠርቼ በሩን ወደ ውጭ፣ ቀዳዳውን ወለሉ ላይ አደርጋለሁ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ታች ነው የሚተኛው።

ከደንበኛው ጋር ያልተስማማነው ስለ ልጆቹ ነው። መኪናው ሲሄድ አልጋው ላይ ይተኛሉ አለኝ። እምቢ አልኩ። ላሜራ ላይ የተቦለነ ቀበቶ አንድ ኃይለኛ ፍሬን ይገነጥለዋል፤ የአይሱዙ ባሌስትራ ደግሞ ብዙ ኩንታል እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል። ሊብሬውም የሚለው የጭነት ነው። ለውጡን አስፈቅዶ ካላስመዘገበ ዓመታዊ ምርመራው ላይ ቦሎ ማግኘቱን እንጃ። ልጆቹ በቀበቶ የሚቀመጡበት ባለ ሁለት ረድፍ ጋቢና ያለው አይሱዙ እንዲፈልግ ነገርኩት። ተቆጥቶ ሄደ፤ ቆይቶ ግን አንድ አግኝቶ ደወለ።

ሳጥኑን ነቅዬ አዲሱ ሻንሲ ላይ መጫን እችላለሁ። ጋቢናው ስለሚረዝም ግን የሳጥኑ ፊት መቆረጥ አለበት፣ ቴሌቪዥን የተሳለበት ግድግዳ። ይህን ገና አልነገርኩትም።