ባሕሩን ያልቆጠረ ዋጋ

ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ማዶ፣ ሶለንት በሚባል ጠባብ የባሕር መተላለፊያ የምትለየው የዋይት ደሴት ካርታ ላይ ሲያዩዋት ከዋናው ምድር ጋር የተጣበቀች ትመስላለች። ሆኖም ድልድይ የላትም፤ በባሕሩ ሥርም ዋሻ አልተቆፈረላትም። ሰውም፣ መኪናም፣ የመድኃኒት ካርቶንም የሚሻገረው ከሳውዝሃምፕተን፣ ከፖርትስማውዝ ወይም ከሊሚንግተን በሚነሱ ጀልባዎች ነው። በአውሮፓውያኑ 2021 በተደረገው ቆጠራ 140 ሺህ ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። የነዋሪዎቿ መሀል ዕድሜ 51 ዓመት ሲሆን በመላው እንግሊዝ ግን 40 ነው፤ ጡረታ የወጣ ሰው ባሕር ዳር መኖር ይወዳል። ዕድሜ ሲገፋ የደም ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ስለሚከተል እንዲህ ባለ ስፍራ ፋርማሲ የከፈተ ሰው ደንበኛ አያጣም። ችግሩ ያለው ደንበኛ እያለ መክሰር መቻሉ ላይ ነው። የደሴቲቱን ፋርማሲዎች የሚያንገዳግዳቸው የሚከፈላቸው ዋጋ ዙሪያቸውን የከበበውን ባሕር የማይቆጥር መሆኑ ነው፤ ገበያማ ሞልቷል።

ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አንድ የሰፈር ፋርማሲ ከሚያስገባው ገንዘብ አብዛኛው፣ ከመቶ 90 ያህሉ፣ የሚመጣው ከብሔራዊ የጤና አገልግሎት፣ ማለትም ከመንግሥት ነው። ሕመምተኛው በአንድ የታዘዘ መድኃኒት 9.90 ፓውንድ ይከፍላል፤ 60 ዓመት የሞላው ሰው ግን ምንም አይከፍልም። ብዙ ሰው ይህ ገንዘብ የፋርማሲው ገቢ ይመስለዋል፤ ፋርማሲው ግን ለመንግሥት ሰብሳቢ ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። የእርሱ ድርሻ ከአፕሪል 2025 ጀምሮ በአንድ መድኃኒት 1.46 ፓውንድ ነው፤ ከዚያ በፊት 1.27 ነበር። መድኃኒቱን የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ነው፤ መንግሥት የሚመልስለት በየወሩ በሚወጣ የታሪፍ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ነው። ከታሪፉ በታች ከገዛ ልዩነቱ ትርፉ ይሆናል፤ ከታሪፉ በላይ ከገዛ ደግሞ ከኪሱ ይሞላል። በዲሴምበር 2022 የጉሮሮ ባክቴሪያ በልጆች ላይ ሲበረታ ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊን ከየመደርደሪያው ጠፉ፣ የጅምላ ዋጋቸውም ሰማይ ነካ። ታሪፉ የሚስተካከለው ግን ዘግይቶ ነው። ፋርማሲስቱ ፊቱ የቆመችውን እናት «ታሪፉ እስኪታረም ጠብቂ» ሊላት አይችልም። እየከሰረ ይሰጣታል።

እስከዚህ ያለው የአገሪቱ ፋርማሲዎች ሁሉ ጣጣ ነው። ከ2019 እስከ 2024 መንግሥት ለፋርማሲዎች በሙሉ የመደበው ገንዘብ በየዓመቱ ያው 2.592 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በመሀሉ የዋጋ ግሽበት በኦክቶበር 2022 11.1 ከመቶ ደረሰ። ሎይድስ ፋርማሲን የመሰለ ትልቅ ድርጅት እንኳ በ2023 በሴንስበሪ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ የነበሩትን 237 ቅርንጫፎች ዘግቶ፣ በዚያው ዓመት ቀሪዎቹን ሸጦ ከሰፈር ፋርማሲ ሥራ ወጣ። በ2025 በጀቱ ወደ 3.073 ቢሊዮን ከፍ ቢልም በዚያው አፕሪል ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከ11.44 ወደ 12.21 ፓውንድ አደገ፤ አሠሪው በሠራተኛው ደመወዝ ላይ የሚከፍለው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም ወደ 15 ከመቶ ወጣ። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ተወሰደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የደሴቲቱ ጉዳይ ከዚህ የሚለየው ታሪፉ በዝምታ የተመሠረተበት አንድ ግምት እዚያ ስለማይሠራ ነው። ለሁሉም እኩል የሚከፈል ዋጋ አማካዩን ፋርማሲ አስቦ የወጣ ነው፤ አማካዩ ፋርማሲ ደግሞ ጎረቤት አለው። ሠራተኛ ቢቀርበት ከቀጣዩ ከተማ ይተካል፤ መድኃኒት ቢያልቅበት የአከፋፋዩ መኪና ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። በደሴቷ ላይ ግን ያ መኪና ጀልባ መሳፈር አለበት፤ ነፋሱ ከበረታ ጀልባው አይነሳም። ሕጉ ደግሞ ለቀኑ ኃላፊ የሆነ ፋርማሲስት ስሙን በመዝገብ ሳያሰፍርና ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ፋርማሲው ሥራ እንዳይጀምር ያዛል። ሕጉ ተገቢ ነው፤ መድኃኒት ያለ ባለሙያ መሸጥ የለበትም። ነገር ግን ቋሚው ፋርማሲስት ታሞ ተተኪው ከፖርትስማውዝ የሚመጣ ከሆነ፣ የጠዋቱ ጀልባ በማዕበል ሲሰረዝ መብራቱ በርቶ፣ ሠራተኞቹ ገብተው፣ መድኃኒቱ በመደርደሪያው ሞልቶ አገልግሎት አይኖርም። ለተተኪው የጀልባውን ቲኬትና ሲመሽበት የማደሪያውን ወጪ የሚሸፍነው ፋርማሲው ነው። 1.46 ፓውንዱ ግን ያው 1.46 ነው።

ሌላም አለ። ሐኪሙ ባለ 40 ሚሊግራም ክኒን አዝዞ ፋርማሲው የቀረው ባለ 20 ብቻ ቢሆን፣ «ሁለት ሁለት ውሰዱ» ብሎ መስጠት የሚቻል ይመስላል። እጥረቱ በይፋ ታውጆ ልዩ ፈቃድ ካልወጣለት በቀር ግን ፋርማሲስቱ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሕመምተኛው አዲስ ማዘዣ ለማግኘት ወደ ሐኪሙ ይመለሳል። በትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው ሌላ ፋርማሲ ሞክሮ ይገላገላል። ቬንትነር ወይም ፍሬሽዋተር የሚኖሩ የ80 ዓመት አዛውንት ግን አውቶቡስ ሊጠብቁ ነው፤ ኒውፖርት ደርሰው እዚያም ከታጣ ቀጣዩ በር ከባሕር ማዶ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ማንም የማይከፍልበት ሥራ አለ። ብዙ ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱና ማስታወስ የሚያቅታቸው ሽማግሌዎች ክኒናቸው በሳምንት ሣጥን ተደልድሎ ይሰጣቸዋል፤ ሰባት ቀን በቀን አራት ጊዜ፣ 28 ትንንሽ ክፍል። አንዱ ይሞላል፣ ሌላው ይቆጥራል፣ ፋርማሲስቱ ያረጋግጣል፤ ሐኪሙ በሳምንቱ መሀል አንድ መድኃኒት ከቀየረ ሁሉም ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ቤት ድረስ ማድረስም ፋርማሲው ከጤና አገልግሎቱ ጋር ባለው ውል ውስጥ ስለሌለ አይከፈልበትም። ሽማግሌ በበዛበት ስፍራ ይህ ዋናው ሥራ ይሆናል፤ ያልተከፈለውም ሥራ በዚያው መጠን ያድጋል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ተገኝቷል የሚሉ አሉ። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ከሌሎች ርቀው ለሚገኙ ፋርማሲዎች ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጥ ዕቅድ ስላለ፣ ደሴቲቱ የራሷን አቤቱታ ማሰማት አያስፈልጋትም ይላሉ። ዕቅዱ በጎ ነው፤ የሚለካው ግን በፋርማሲና በፋርማሲ መካከል ያለውን የመንገድ ርቀት ነው፤ መነሻውም አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድሃ በሆኑ አካባቢዎች ከዚያ ያንሳል። በአንድ የደሴት ከተማ ውስጥ ሁለት ፋርማሲዎች በእግር የሚደረስ ርቀት ላይ ካሉ ሁለቱም «ጎረቤት አላቸው» ተብለው ይታለፋሉ። ደሴቲቱ ራሷ በባሕር መከበቧ በመለኪያው ውስጥ አይገባም። ከሁለቱ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ወረፋውን ሁሉ ይረከባል፤ «የተረፈው ይጠቀማል» የሚለው አስተሳሰብ የሚሰናከለውም እዚህ ነው፤ የሰው ኃይል ሳይጨምር ሥራው እጥፍ ይሆንበታል፤ አዲስ ፋርማሲስት ለመቅጠር ደግሞ ዞሮ ዞሮ ባሕር መሻገር አለበት።

በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ የተጀመረው «ፋርማሲ ፈርስት» የተባለው አገልግሎትም እንደ መፍትሔ ይጠቀሳል። ፋርማሲስቱ የጉሮሮ ሕመምን፣ አልማዝ ባለጭራንና የሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ጨምሮ ሰባት ሕመሞችን ራሱ መርምሮ መድኃኒት እንዲሰጥ የሚፈቅድ ነው። ሐኪም ለማግኘት ሳምንታት ለሚጠብቅ ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው፤ ለፋርማሲስቱ ሙያም ክብር ነው። ወርኃዊው ቋሚ ክፍያ ግን የሚገኘው የተወሰነ የታካሚ ቁጥር ላሟላ ነው። በበጋ ደሴቲቱ በእንግዶች ስትጥለቀለቅ ቁጥሩ ይሞላ ይሆናል፤ በክረምት ጎዳናው ጭር ሲል ግን አንድ ትንሽ ፋርማሲ ቁጥሩን በማጣቱ ቋሚውን ክፍያ ያጣል። ያ ክፍያ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው በዚያው ወር ነው።

በኢንተርኔት ታዝዞ በፖስታ የሚመጣውን መድኃኒት የሚያነሡ ሰዎች ክርክር ይበልጥ ጠንካራ ነው። ለወርኃዊ የደም ግፊት ክኒን በእርግጥ ይሠራል፤ ብዙ ሰው እየተጠቀመበትም ነው። ነገር ግን ፖስታውም የሚሻገረው በዚያው ባሕር ነው። ትኩሳት የያዘው ልጅ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ዛሬ ማታ ነው፤ ሜታዶን የተባለውን የሱስ ማላቀቂያ መድኃኒት በየቀኑ ፋርማሲስት ፊት ቆሞ መዋጥ ያለበት ሱሰኛም በፖስታ አይታከምም። በኢንተርኔት የሚሠሩት የርቀት ፋርማሲዎች መሠረታዊውን አገልግሎት ፊት ለፊት እንዳይሰጡ ራሱ ደንቡ ይከለክላቸዋል። እንዲያውም ቀላሉና ተደጋጋሚው ማዘዣ ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ለሰፈሩ ፋርማሲ የሚቀረው አስቸኳዩ፣ አስቸጋሪውና ጊዜ የሚበላው ነው፤ ክፍያው ግን አሁንም በቁጥር ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የመርህ ነው፤ ፋርማሲ የግል ንግድ ስለሆነ የግብር ከፋዩ ገንዘብ የነጋዴን ኪሳራ መሸፈን የለበትም ይላል። በጥርጣሬ መጠየቁ ተገቢ ነው። ሆኖም ዋጋውን መንግሥት የሚወስንለት፣ የሚሸጠውን ሐኪም የሚያዝለት፣ የሥራ ሰዓቱ በውል የታሰረ ሰው በምን መልኩ ነጋዴ እንደሚባል ለእኔ ግልጽ አይደለም። ከዚያ በላይ ደግሞ ያው የጤና አገልግሎት በኒውፖርት ላለው ለቅድስት ማርያም ሆስፒታል ይህን ክርክር ትቶታል፤ ከዋናው ምድር በመለየቱ አነስተኛ ሆኖ መቅረቱ የማይቀር መሆኑን ተቀብሎ በበጀት ቀመሩ ላይ ማስተካከያ ያደርግለታል። ሕሙማኑ ከዚያ ሆስፒታል ሲወጡ ማዘዣቸውን ይዘው የሚሄዱበት ፋርማሲ ከዚያው ባሕር ወዲህ ነው። ለሆስፒታሉ የታሰበው በፋርማሲው ላይ የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ለደሴት ፋርማሲ ከክኒን ብዛት በተጨማሪ በሩ ክፍት ሆኖ ለመገኘቱ ሊከፈለው ይገባል፤ ባለሙያው ኖሮ አገልግሎት በሰጠበት ሰዓት ልክ የሚታሰብ፣ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር የሚመሳከር ቋሚ ክፍያ ማለት ነው። ፋርማሲ ያላቸውና በመኪና መንገድ የማይደረስባቸው የእንግሊዝ ደሴቶች ከዋይትና ከሲሊ ብዙም ስለማያልፉ ከ3 ቢሊዮን ፓውንዱ የሚነካው ጥቂት ነው። ከገንዘቡ በፊት የሚያስፈልገው ግን መረጃ ነው፤ በደሴቲቱ የሚገኝ እያንዳንዱ ፋርማሲ በዓመት ስንት ሰዓት በፋርማሲስት እጦት እንደተዘጋ፣ ከዚያም ውስጥ ስንቱ ጀልባ በተሰረዘበት ቀን እንደነበረ ተቆጥሮ በውሉ ድርድር ጠረጴዛ ላይ መቅረብ አለበት።