ሐይቁ ዳር የሚጣራው ቦርድ

ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ትታያለች፦ «ሲ»። ጥቂት ቆይታ ሌላ «ሲ» ትከተላታለች፤ ደግሞ ሌላ። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ካለው ክፍሌ መስኮት ቀን ቀን የአባያ ሐይቅ ወለል ብሎ ይታያል፤ አሁን ግን ጨለማ ነው። ሦስት ምሽት ሙሉ ከፊቴ ያለችው ይህች ፊደል ብቻ ናት።

የተነሳሁበት ጉዳይ የሐይቁን ከፍታ መለካት ነበር። አባያ ከጣና ቀጥሎ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች የደጋውን አፈር ጠርገው ስለሚያስገቡበት ውሃው ቡናማ ቀይ ነው፤ ሁለቱን ሐይቆች ከሚለየው ከእግዜር ድልድይ ማዶ ያለው ጫሞ እንዲህ አይደለም። ውሃው ሲሞላ የዳሩ ማሳ ይዋጣል፣ ሲጎድል ጀልባ የሚቆምበት ይርቃል። አርባ ምንጭ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የውሃ ትምህርት የሚሰጥባት ከተማ ናት፤ እዚህ ውሃ መለካት ለማንም እንግዳ ሥራ አይደለም። እኔም ከፍታውን በየሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያ ዳር ላይ ላቆም አሰብኩ።

የመረጥኩት ቢግልቦን ብላክ የሚባለውን፣ እጅ መዳፍ ላይ የሚያርፈውን ቦርድ ነው። አብሮት የሚመጣው ሶፍትዌር ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ይበቃል። የሐይቅ ዳር መሣሪያ ግን ባትሪው ደክሞ ሲያገግም ያለ ሰው እጅ ራሱ መነሳት አለበት። ስለዚህ የቦርዱን የውስጥ ማከማቻ አጠፋሁና ከሥሩ ልሠራው ጀመርኩ። ዩ-ቡት የተባለውን አስነሺ ፕሮግራም ኮምፓይል አደረግሁ፤ የቦርዱ ዋና ቺፕ የሚፈልገው ፋይል «ኤም ኤል ኦ» እንደሚባል ስላነበብኩ ስሙን እንዲያ ብዬ ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫንኩት። መልሱ «ሲ፣ ሲ፣ ሲ» ሆነ።

በሦስተኛው ምሽት የግቢው ጥበቃ ጋሼ ሻይ ይዘውልኝ ገቡ።

«ልጄ፣ ዛሬም እምቢ አለህ?»

«እምቢ አለ ጋሼ። ይህችን ፊደል ብቻ ነው የሚደጋግመው።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «አንድ ነገር ይልና ዝም ይላል፤ ያንኑ ይልና ዝም ይላል። መልስ የሚጠብቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። እየተጣራ ይሆናል።»

እኔ የብልሽት ምልክት አድርጌ ይዤው ነበር። ጋሼ እንደወጡ ወፍራሙን የቺፑን መመሪያ ከፈትኩ፤ እውነታቸውን ነው። ቺፑ ሲወለድ ጀምሮ በውስጡ የተቀረጸች፣ ማንም የማይለውጣት ትንሽ ፕሮግራም አለችው። ኃይል እንዳገኘች የውስጥ ማከማቻውን ትፈትሻለች፤ ካጣች ሚሞሪ ካርዱን፤ እሱም ካልሆነ ከላፕቶፔ ጋር ወደሚያገናኛት ሲሪያል ገመድ ዞራ «ሲ» ትላለች። ኤክስሞደም በሚባለው የፋይል መላኪያ ሥርዓት ትርጉሙ «ተዘጋጅቻለሁ፣ ላክልኝ» ነው። ቦርዱ ጤነኛ ነበር። የሰጠሁትን ግን አልተቀበለም።

ለምን? መመሪያው ውስጥ መጀመሪያ ያገኘሁት 8 ባይት የሚያህል ነገር ነው። ፋይሉ ሲጀምር አራቱ ባይት መጠኑን፣ አራቱ ባይት የሚቀመጥበትን አድራሻ መናገር አለባቸው። የእኔ ፋይል ይህ መታወቂያ የለውም፤ ስሙን ብቻ ነበር የተዋሰው። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል፦ መታወቂያው ቢኖረውም ቦታ አይበቃውም። ቺፑ በዚያ ሰዓት የሚቀበለው 109 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ የእኔ ፋይል ብዙ መቶ ኪሎባይት ነበር።

እንዴት? ቦርዱ 512 ሜጋባይት ራም አለው! እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ሰፊ ራም ኃይል ሲመጣ ተኝቶ ነው። ፍጥነቱንና ጊዜውን ልክ አድርጎ የሚያስነሳው ፕሮግራም ይፈልጋል። ያ ፕሮግራም ደግሞ የሚቀመጥበት ራም ይፈልጋል። ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ቋጠሮውን የሚፈታው ሁለተኛው አስነሺ፣ ኤስ ፒ ኤል የሚባለው ነው። በጠባቧ 109 ኪሎባይት ውስጥ ይገባል፤ ሥራው ራሙን መቀስቀስና ዋናውን ዩ-ቡት ከካርዱ አምጥቶ እዚያ ማስቀመጥ ነው። ግንድ በክብሪት አይያያዝም፤ ጭራሮ ይቀድማል። ኤስ ፒ ኤል ጭራሮው ነው። ራሙን ከመቀስቀሱ በፊት ቦርዱ ላይ ካለች ትንሽ ቺፕ የቦርዱን ስም ያነባል፤ ቀዳሚው ቢግልቦንና ብላክ የያዙት የራም ዓይነት ስለሚለያይ የሚቀሰቅስበትን መንገድ የሚመርጠው በዚያ ነው።

ይህን ሁሉ ያሰቡበት ሌሎች ናቸው። ማግነስ ዳም ለአንድ የቺፕ ቤተሰብ የጻፈውን አስነሺ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ዴንክ እ.ኤ.አ. በ2000 ፒፒሲቡት ብሎ ለሁሉም ክፍት አደረገው፤ በ2002 ብዙ ዓይነት ቺፖችን ሲያቅፍ ዩ-ቡት ተባለ። በጀርመንኛ ሰርጓጅ መርከብ ማለት ነው። ሶርስ ኮዱ ዛሬም ለማንም ክፍት ነው፤ አባያ ዳር ለተቀመጥኩት ለእኔም ጭምር።

በማግስቱ ለእኔ ቦርድ የቺፕ ቤተሰብ የተዘጋጀውን መነሻ ሴቲንግ ይዤ እንደገና ጀመርኩ። ይጠቅሙ ይሆናል ብዬ ኤስ ፒ ኤሉ ውስጥ ከኔትወርክም ከዩኤስቢም መነሳትን ጨመርኩበት፤ ኮምፓይለሩ ሞልቶ ፈሰሰ ብሎ መለሰው። አንድ በአንድ ቀነስኩ። ለሐይቅ ዳር መሣሪያ የሚያስፈልገው ከካርድ ማንበብ ብቻ ነው። ሲጠናቀቅ ሁለት ፋይል ወጣልኝ፦ መታወቂያ ያለው ትንሹ ኤም ኤል ኦና ትልቁ ዩ-ቡት። ካርዱን ሰክቼ ኃይል ስሰጠው «ሲ» አልመጣችም። የኤስ ፒ ኤል መስመር ወጣ፤ ቀጥሎ የዩ-ቡት፤ ቀጥሎ ዋናው ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ መንገዱን ያዘ። ብድግ ብዬ ቆምኩ።

ሐይቁ ዳር ወስጄ ሲሪያል ገመዱን ስነቅለው ግን እንደገና ቆመ። ላፕቶፕ ይዤ ሄጄ አየሁት፤ ዩ-ቡት ደርሶ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። ሊኑክስን ከማስነሳቱ በፊት ባሉት ሁለት ሰከንዶች ማንኛውም ቁልፍ ከተነካ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ገመድ የሌለው የመቀበያ እግር ከአካባቢው የሚያነሳውን የኤሌክትሪክ ረብሻ የሰው ጣት አድርጎ ቆጥሮታል። ሴቲንጉን ለወጥኩ፦ የሚቆመው አንድ የተወሰነ ቃል ሲጻፍለት ብቻ ነው። ሊኑክስ ሦስት ጊዜ መነሳት ቢያቅተው ደግሞ ወደ መጠባበቂያ ማስነሻ መንገድ እንዲዞር አደረግሁ።

ከዚያ ባትሪውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት፤ አሥሩንም ጊዜ ያለ እጄ ተነሳ።

ማታ በሩ ላይ ጋሼ ጠየቁኝ። «ዛሬስ አልተጣራም?»

«አልተጣራም ጋሼ። የሚፈልገውን አገኘ።»